በበረዶ ሳጥን ወደ ጅግጅጋ ስለተጓዘው ጠርሙስ

ለኬሚካል ደህንነት ምዘና ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ
ጅግጅጋ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ሳንባዎ? እኛ የደወሌ ሰዎች ፈጣሪ ይመስገን አለን፤ እያሳለንም ቢሆን አለን። ያንን ነፋሻማ የጅግጅጋ አየር አያሳጣዎ። የእኛንም አየር የመዘናችሁት እዚያው ሆናችሁ ስለሆነ፣ ምርቃቱ ለሁላችንም ነው።

እማዋይሽ እባላለሁ፤ የባቡር ሠራተኛ ልጅና ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ከግቢዬ አጠገብ በበርሜል የታጨቀ የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ የሚቀመጥበት የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ከዚህ መጋዘን ጋር አንድ ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤቴ ኻድራ ደግሞ አራስ ናት፤ በአገሩ ደንብ አርባዋ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም። ሕፃን ልጇን ቀትር ላይ ሳል ያጣድፈዋል፤ ሲመሽ ይተወዋል። መጋዘኑ ይነሳልን ብለን አመለከትን። እናንተም የፈሳሹን የትነት ግፊት፣ ማለትም ተኖ ሲወጣ የሚገፋበትን ኃይል፣ ለክታችሁ «ለነዋሪው የሚያሰጋ አይደለም» የሚል ማረጋገጫ ላካችሁልን። ምስጋናችን ወሰን የለውም። ዳሩ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ጥርጣሬዎቼን በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባለሙያዎ አቶ ይሁን ከቡድናቸው ጋር መጀመሪያ የመጡ ዕለት ናሙናውን በጠርሙስ ቀድተው በበረዶ ሳጥን ካስቀመጡ በኋላ፣ መኪናቸው እስኪመጣ ከግቢዬ በር ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ነበር። ቀትር ነው። የደወሌ ቀትር ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ ብሎ አይምርም። የቡድኑ ውሃ ሲሞቅባቸው ኮዳዎቹ ወደ ሳጥኑ ገቡ፤ ቦታ ለመልቀቅ ሲባል ጠርሙሱ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ብዙም አልቆየ፣ ቷ! አለና ክዳኑ አጥሬን ዘሎ ግቢዬ ገባ። አቶ ይሁን አፍንጫቸውን በሸሚዛቸው ይዘው፣ «ኧረ ይሄን ነገር አርቁልኝ!» እያሉ መንገዱን ተሻገሩ። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ የትነት ግፊትን እንዲህ አጥርቶ ያስረዳ ሙከራ አላየሁም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብቻ ይህ ሙከራ በማረጋገጫችሁ ላይ አንድ መስመር እንኳ አለማግኘቱ ትንሽ አሳሰበኝ።

ሁለተኛ፤ ቡድኑ ዳግመኛ ሲመጣ ጎሕ ሳይቀድ መጣ። ናሙናው ተቀዳ፣ በበረዶው ውስጥ ተቀበረ፣ በዚህ ጊዜ ማንም ሳይነካው ጅግጅጋ ገባና በሃያ ዲግሪ ተለካ። ውጤቱ ትክክል ነው፤ አልዋሻችሁም። የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን የሚጨፍረው እሳት ላይ እንጂ መደርደሪያ ላይ እንዳልሆነ ግን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼም ያውቁታል። እኛ የምንኖረው ቆርቆሮው ግሎ፣ በርሜሎቹም ሆዳቸው በተነፋበት ሰዓት ነው። የደወሌን በሽተኛ ትኩሳት ጅግጅጋ ባለ ዘመዱ ብብት መለካት አዲስ ሕክምና ከሆነ፣ ስላልሰማሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፤ «ነዋሪዎች ለጥንቃቄ ያህል ቀትር ላይ ከአካባቢው ገለል ቢሉ ይመረጣል» ብላችሁ በማረጋገጫው ስለሰጣችሁን ምክር ከልብ እናመሰግናለን። የማያሰጋ ነገር ከሆነ የምን ገለል ማለት ነው? የሚያሰጋ ከሆነስ አራስ ወዴት ትገለላለች? ምክራችሁን ለኻድራ ባነበብኩላት ጊዜ ሕፃኗን እንዳቀፈች ሳቀች። «ወላሂ እማዬ፣ አራሷ እኔ ነኝ ወይስ እነሱ? በማለዳ መጥተው ፀሐይ ሳትነካቸው የሚሸሹት እነሱ ናቸው» አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ መልስ ካለዎት ይላኩልን።

አራተኛ ብዬ ባለሙያዎ ከመጋዘኑ ባለቤት ጋር ስለበሉት ምሳ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። ሰው ምሳ በላ ተብሎ ይጠረጠራል እንዴ! ከመጋዘኑ ርቀው፣ ነፋሱ ከሌላ አቅጣጫ ከሚመጣበት ቤት መብላታቸውን ብቻ አይቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወው። ያ ሕፃን ሲያስል በአጥሩ በኩል እሰማዋለሁ፤ ሳሉ ድንገት ጸጥ ሲል ደግሞ የባሰ እደነግጣለሁ። ተናድጃለሁም፣ ፈርቻለሁም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በርሜሎቹ ይነሱልን። ይህ ካልሆነላችሁ ደግሞ እዚሁ፣ በቀትር፣ መጋዘኑ ውስጥ ይለካልን።

የመሥሪያ ቤታችሁ ማራገቢያ ሳይቆም፣ የበረዶ ሳጥናችሁም ሳይጎድል፣ በቅዝቃዜና በክብር ያኑርልን እያልኩ፣ በሙቀት የተሞላ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ
መምህርት እማዋይሽ
ከደወሌ፣ ከመጋዘኑ ጎን

ማሳሰቢያ፦ የጠርሙሱ ክዳን እኔ ዘንድ አለ፤ የመንግሥት ንብረት ነውና አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። የኻድራ አርባ የሚሞላ ዕለት ጎረቤቱ በቀትር እሷ ቤት ይሰበሰባል፤ እርስዎና አቶ ይሁንም ተጠርታችኋል። ምንጣፋችሁ ሕፃኑ በሚተኛበት፣ ከመጋዘኑ ጋር በምትጋራው በዚያ ግድግዳ ሥር ይነጠፋል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ፤ ክዳኑን እዚያው እንገጥምለታለን። በረዶ አታምጡ፤ ቀዝቃዛ ውሃ እኛ እናቀርባለን። ከቀራችሁም ቅር አይለንም፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ውጤት ደረሰን ማለት ነው።