በጓደኛው ፈረቃ ሥራ ላይ ሳለ ያረፈው የሮቤራ ጀቤሳ የሕይወት ታሪክ

ወጣት ሮቤራ ጀቤሳ ከአባቱ ከአቶ ጀቤሳ ሂርጳና ከእናቱ ከወይዘሮ አሰፋች ቱሉ በ1990 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን ቂሊንጦ ተወለደ። ወሩ ሳይሞላ ስለተወለደ እናቱ «አያድግም» ብለው ስም ለማውጣት እንኳ ፈርተው ነበር። እሱ ግን አደገ፤ አቃቂ በሰቃ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ በብረታ ብረት ሙያ ሠለጠነ።

በ2010 ዓ.ም. ቃሊቲ በሚገኝ የቆርቆሮ ፋብሪካ ተቀጠረ። ጠዋት ሰርቪስ ላይ ወጥቶ ካልደወለ እናቱ እህል አይቀምሱም ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ የደኅንነት ተጠሪ ሆኖ ሲመረጥማ «አፍህን ሰብስብ፣ ያባርሩሃል» ይሉት ጀመር። እሱም እየሳቀ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ደመና ሳይኖር ጎርፍ ይታይሻል» ይላቸው ነበር። የወለደች ሠራተኛ ፈቃዷ ሲሸራረፍ ሕጉን ይዞ ኃላፊዎቹ ቢሮ ይገባል። የክሬኑ ሰንሰለት እንዲለወጥም ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ይጠይቅ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ወይዘሮ ዮዲትን አግብቶ ልጁን ትንቢትን አፍርቷል።

በፋብሪካው አንድ ሰው ሲቸግረው ጓደኛው በስሙ ገብቶ ፈረቃውን የመሸፈን ልማድ አለ። በዚህ ወር የሮቤራን ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ቀናውን ያሳደጉት አክስቱ ሞቱ። «ለአክስት የሐዘን ፈቃድ የለም» ተባለ። ሮቤራም «ሂድ ቅበር፣ እኔ እገባልሃለሁ» አለው። ቀኑ የሮቤራ የዕረፍት ቀን ስለነበር፣ መግባቱንም ስላልነገራቸው እናቱ ያን ቀን ብቻ ያለ ሥጋት ዋሉ።

ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ጥቅል ላሜራ ከክሬኑ ወድቆ አንድ ሠራተኛ ገደለ። ቢሮው ማን እንደሆነ ሳያጣራ ለቀናው ቤተሰብ ደወለ። ወይዘሮ አሰፋች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሮጡ፤ የቀናውን ሚስት አቅፈው ከሰው ሁሉ በላይ አለቀሱ። ከቀትር በኋላ ቀናው ከቀብር ተመለሰ፤ የሚለቀሰው ለአክስቱ መስሎት እሱም እያለቀሰ ቤቱ ገባ። ሴቶቹ ደንግጠው ወደ ግድግዳው ሸሹ። ወይዘሮ አሰፋች ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣

«አለህ እንዴ ልጄ? ፋብሪካ ውስጥ ሞተ እኮ አሉን!» አሉት።

«እትዬ፣ እኔ ዛሬ ሥራ አልገባሁም። የገባልኝ...» ብሎ ሳይጨርስ እግራቸው ላይ ወደቀ።

ማታ ለሮቤራ ሐዘን የመጡ የፋብሪካው ሰው «ፈረቃው የእሱ ስላልነበር ሥራ ላይ ነበር ለማለት ያስቸግራል» አሉ። ቀናው ከድንኳኑ ጥግ ተነሣ። ሚስቱ በኮቱ ጫፍ ብትጎትተውም አልተቀመጠም። «በእኔ ስም የገባው እሱ ነው። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፣ ስሜን ጠርታችሁ የሕይወት ታሪኩ ላይ ጻፉት» አለ።

ስለዚህ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ይነበብ፦ ወጣት ሮቤራ በተወለደ በ27 ዓመቱ ያረፈው ሥራ ላይ ሳለ ነው።

ወላጆቹን፣ ባለቤቱንና ገና «አባ» ማለት የጀመረች ልጁን ትቶ ሄዷል።

የሠራተኛን ላብ የሚያይ አምላክ ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ እውነቱን የተናገረውን ቀናውንም ከእንጀራው አያፈናቅልብን። አሜን።