ለለቅሶ ከመምጣትህ በፊት

አንኮበር፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለመምህር ቴዎፍሎስ፤ ጋምቤላ

የምወድህ ልጄ፣ የአምላክ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኛ ዘንድ ገብሱን ውርጭ መትቶታል።

አሁን ቁጭ በል። ወንድምህ ሰይፈሥላሴ ጥቅምት ፳፬ ቀን አርፏል፤ ቀብረነዋል። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር ጠፍቶኝ አይደለም። አጎትህ ወልደተንሣኤ «ለገና ሲመጣ ሰው ሰብስበን በማለዳ እናረዳዋለን» ብሎ ሁሉንም አስምሏል። እኔ ግን እስከ ገና መጠበቅ አልችልም፤ አንተም አትችልም። ሁለት ጊዜ ደውዬልህ ስለ ተማሪዎችህ ጠይቄ ዘግቼዋለሁ። በአፌ አልወጣ ስላለኝ ጻፍኩት።

ወንድምህን የገደለው «ብርድ ነው» ያልንህ አይደለም። የቆለጥ ካንሰር ነው። ቃሉን እንደጻፍኩት አንብበው፤ እኔም እስክጽፈው ድረስ ስንት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ያወቀው ካቻምና በዐቢይ ጾም ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም ብሎ፣ «አባባ፣ አንደኛው ፍሬዬ ላይ ባቄላ የሚያህል ነገር ጠጥሮብኛል። አያመኝም» አለኝ። ዲያቆን ነው፤ ማኅደረማርያምን አጭተንለታል፤ ከሠርጉ በኋላ ሊቀስስ ነው። እኔ ምን አልኩት? «ካላመመህ ዝም በል። ሐኪም ቆርጦ ቢያወጣውስ? ጉድለት ያለበት ቅስና አይቀበልም ይሉሃል፤ የልጅቱም አባት ይሰማል።» «እሺ አባባ» አለ። ከዚያ ወዲህ አልጋ እስኪይዝ ድረስ አንድም ቀን አላነሣብኝም።

ወገቡን ሲያመው ስግደት አብዝተህ ነው አልነው። ሲያስለው የአንኮበር ብርድ ነው አልን። ደም ሲተፋ ደብረ ብርሃን ወሰድነው፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ፍሬውን አወጡለት፤ መድኃኒቱንም በደም ሥሩ ሰጡት፤ ጠጉሩ ረገፈ። በሽታው ግን ሳንባው ደርሶ ነበር። ያከመችው ዶክተር ሔራን፣ ቀድሞ ከመጣ አብዛኛው ሰው እንደሚድን፣ በቀረው በአንዱም ልጅ እንደሚወለድ ነገረችኝ። በለዘበ ድምፅ ነው የነገረችኝ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ፣ «አባባ፣ እንግዲህ ቅስናው ቀረብኝ?» አለኝ።

«አልቀረብህም። በሕመም ምክንያት ሐኪም የቆረጠው አይከለከልም፤ ሕጉ ራሱ ይላል» አልኩት።

እውነት ነው። ሃያ ዓመት ለተማሪ ያስተማርኩት ነው፤ ያን ዕለት መንገድ ላይም አውቀው ነበር። ያስፈራኝ ሕጉ አይደለም፣ የሰው አፍ ነው። ወንድምህም፣ «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አለኝ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ዶክተሯ ወንድም እንዳለው ጠየቀችን፤ የታማሚውን ወንድም በሽታው ከሌላው ሰው ይልቅ ያሰጋዋል። እናትህ እናናየሁ ይህን ስትሰማ ጮኸች፤ አንተ ስትወለድ አንደኛው ፍሬህ ወደ ቦታው ሳይወርድ ቆይቶ ነበር። ያም ራሱን ችሎ ያሰጋል አሉን። ስለዚህ ገላህን በሙቅ ውሃ ስትታጠብ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በአውራ ጣትህና በሌሎቹ ጣቶችህ መሐል ቀስ አድርገህ ዳስሰው። የጠጠረ ወይም ያበጠ ወይም የከበደ ነገር ካለ፣ ባያምህም፣ ቀን አትቁጠር። ባይኖርም ሐኪም ይይህ። ከዚያም በየወሩ ራስህ ዳስስ። እኔ አባትህ መስቀል በምይዝበት እጅ ይህን ከጻፍኩ፣ አንተ ምን ያሳፍርሃል?

ባለፈው እሑድ ዲያቆናቱን ከቅዳሴ በኋላ አስቀርቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱ ሳቁ አመለጠው። አጎትህ «አዋረድከን» ብሎ ሰሞኑን አያናግረኝም። አያናግረኝ።

ይህን እንዳነበብክ ተነሥተህ እንደምትሮጥ አውቃለሁ። እንዳትመጣ። ሳትመረመር ብትመጣ በሩን አልከፍትልህም። መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ለቅሶ። መቃብሩ የትም አይሄድም።

የአባቶቼ አምላክ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንተ ይጨምርልህ። ስትመጣ ይቅር ብትለኝም ብትረግመኝም እቀበላለሁ፤ ብቻ ፊቴ ቆመህ፣ በሕይወት ኖረህ በለኝ።

አባትህ
ቄስ ዘርአ ዳዊት