በእናታችን አንገት ላይ የኖረው የሮማ ንጉሥ

ለውድ እህቴ ለአሰለፈች፤

እታለሜ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የድሬዳዋ ሙቀት ለሱ መድኃኒት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው ወይስ የሰው ወሬ ነው? እኛ አቃቂ ያለነው፣ አቧራው ቢያስነጥሰንም፣ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን።

የእምነትን ሠርግ ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «የእማማን ብር ለልጄ አንገት ላክልኝ» ስትዪኝ ግን ጨነቀኝ። ዝም ያልኩት ንቄሽ አይደለም። አመሌን ታውቂዋለሽ፤ አንጥረኞች ሳያቀልጡት ልድረስ እያልኩ የጥንት ብር ስለቅም ነው የኖርኩት። ከሳጥኔ ውስጥ ደግሞ የእማማን የሚያህል የለም። ከመጽሐፍ ሥዕል ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ፊቱ የሮማ ንጉሥ ነው፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው! ብሩን ለእማማ ያወረሰችው፣ ከአክሱም ወገን የሆነችው አያታችን አንገት ላይ በምን መንገድ እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። ማንጠልጠያው ስለተሰበረ ለሙሽራ እንዲሆን በእሳት መበየድ አለበት። ለእኔ ቢጤ ሰብሳቢ ደግሞ እሳት የነካው ጥንታዊ ብር ሞተ ማለት ነው።

ምን ይሻላል ብዬ ሳሪስ አቦ ያለውን አንጥረኛ ኑሪን ላማክር ወጣሁ። ስመለስ፣ ባለቤቴ መዓዛ ብሩን በአመድና በሎሚ ፈትጋ እንደ መስታወት አብለጭልጫ ጠበቀችኝ። «ሙሽራ ጋ የሚሄድ ብር እንዲህ ጠቁሮ ይላካል እንዴ?» አለችኝ፣ ደግ የሠራች መስሏት። ኧረ የት አባቴ ልግባ! ያ ጥቁረት እኮ ዕድሜው ነበር። ጮኽኩባት፣ ራቴንም ሳልበላ ተኛሁ።

ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። የንጉሡ አፍንጫና ጉንጭ ሙልጭ ብሎ አልቋል፤ ጀርባው ግን ደኅና ነው። ጥቁረቱ ሸፍኖት አላስተዋልኩም ነበር። እማማ «የማላውቀውን ወንድ ፊት ለሰው እያሳየሁ ቤተክርስቲያን አልሄድም» እያለች ፊቱን ወደ ውስጥ አዙራ እንደምታስረው ትዝ አለሽ? ያለሰለሰው የእሷ ደረት ነው፣ እታለሜ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ያማሩ ናቸው፤ የማን ደረት ላይ እንደኖሩ ግን አላውቅም።

መዓዛን ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ለኑሪ ወስጄ «በይድልኝ» አልኩት፤ እሳቱን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ እንጂ አልከለከልኩትም። በጥጥ ጠቅልዬ ወደ እናንተ ለሚመጣው ጎረቤታችን ለተሰማ ሰጥቼዋለሁ።

ጋሽ ወልደገብርኤልን ባለቤትሽን እጅ ንሺልኝ። ትንሿን ልጅሽን መሰለችን ጉንጯን ሳሚልኝ። መዓዛ ሰላም ብላችኋለች፤ ሎሚውን ግን ደብቄባታለሁ። ለእምነት ደግሞ አንድ ነገር ንገሪልኝ፦ አጎትሽ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጪው ብሎሻል በያት። እንደ አያቷ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙራ ትሰረው፣ ንጉሡ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ።

ወንድምሽ የሺዋስ
አቃቂ ቃሊቲ፣ መጋቢት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.