ጀርባቸውን የተሰጣጡ የበር ጠባቂዎች

የመቃብር ጠረጋ በዓል ማግስት
ከአሮጌው ሰፈር

ውድ ቻንግገን፣

ሳልህ ለቀቀህ ወይ? የደቡቡ እርጥበት ለደረትህ አይስማማም ስልህ ስቀህብኝ ነበር። ትናንት የአባትህን መቃብር ብቻዬን ጠርጌ፣ የሚወዱትን መጠጥ አፍስሼላቸው ተመለስኩ። "ልጄስ?" ቢሉኝ፣ "ሥራ በዝቶበት" ብያቸዋለሁ። ውሸቱን ትካፈለኛለህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አባትህ ሁለቱን የበር ጠባቂዎች የቀረጹበትን የቤታችንን በር አዲስ ለተሠራው ለከተማችን ደቡብ በር እንድሰጥ ጠይቀሃል። "ቅርስ ይሆናል፤ ስንት ሰው ያየዋል፤ እምቢ አትበይ" ብለሃል። እምቢ ከማለቴ በፊት ልየው ብዬ ከጎረቤታችን ከእትዬ ማዎ ጋር ሄድኩ።

በተወለድኩበት ከተማ ቲኬት ቆርጬ ገባሁ። እውነተኛው በር ለመኪና መንገድ ሲፈርስ እኔም አንተም ቆመን አይተናል። ያኔ ጡቡን ወስደው የአሳማ ጋጣ የሠሩበት ሰዎች ዛሬ የሐር ቀሚስ ለብሰው ለጎብኚ እጅ ይነሳሉ። ግንቡ እንደ አዲስ ሽንት ቤት ልሙጥ ነው። ያረጀ እንዲመስል ጥቁር ቀለም ቀብተውት ነበር፤ ዝናብ አጥቦት እንዳለቀሰች ሙሽራ ኩል ቁልቁል ይወርዳል።

አስጎብኚዋ ድምፅ ማጉያ ይዛ፣ "እናቶች፣ ግንቡን አትንኩ! ስድስት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ቅርስ ነው!" አለች።

"የኔ ልጅ፣ ታዲያ ሲሚንቶው እስካሁን ለምን አልደረቀም?" አሉ እትዬ ማዎ።

"እማማ፣ እኔ የሰጡኝን ነው የማነበው።"

"አንብቢ፣ አንብቢ። እኔ እንኳ በዕድሜ እበልጠዋለሁ።"

ቀና ስል የተሰቀለውን በር አወቅኩት። የሰፈራችን የእነ ሼን ቤት በር ነው፤ እንደኛው በየሳንቃው አንድ ጠባቂ ተቀርጾበታል፤ ልጆቹ ሰጥተውታል። ግራውን ሳንቃ በቀኝ፣ ቀኙን በግራ ሰቅለውታል። ለአዲስ ዓመት የወረቀት ጠባቂ የሚለጥፍ ሕፃን እንኳ ሁለቱ እንዲተያዩ አድርጎ ነው የሚለጥፈው፤ ካልተያዩ ክፉ ነገር በመሃላቸው ይገባል። እነዚህ ግን ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ወዲያና ወዲህ ያፈጣሉ።

"ምነው፣ ተቀያየሩ እኮ?" አልኳት።

"አይ እትዬ፣ ሰው መሃል ቆሞ ፎቶ ሲነሳ እንዲያምር ነው።"

እትዬ ማዎ ከት ብለው ሳቁ። "ልክ እንደ ተኮራረፉ ባልና ሚስት!" አሉና ድንገት ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እኔም ጫማቸውን አየሁ። አዲስ ነው።

ይህን ነው ቅርስ መጠበቅ የሚሉት። ሰውዬውን ቀብረው፣ ልብሱን ለአሻንጉሊት አልብሰው፣ "ይኸው፣ አልሞተም" ይላሉ። የኛን በር በየበልጉ ዘይት እቀባዋለሁ። ዶሮዎቹ ይወጡበታል፣ ይገቡበታል። ታችኛው ጥግ የልጃችን ብስክሌት የፋቀው ነው። ማንም ፎቶ አያነሳውም፤ በር ስለሆነ።

ስለዚህ አልሰጥም። ለጠየቁህ ሰዎች "ሚስቴ ደረቅ ናት" በላቸው፤ ማለቱን ለምደኸዋል።

ሲመሽ ሁለቱን ሳንቃዎች ስገጥማቸው ጠባቂዎቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። መቀርቀሪያውን ግን አላስገባውም። እትዬ ማዎ "ሌባ ይገባብሻል" እያሉ ይቆጡኛል። ቁልፍህን እቤት ጥለህ እንደሄድክ አያውቁም።

የአባትህ መንፈስ ከክፉ ይከልልህ። ደረትህን ሸፍነህ ተኛ።

ሱዩን