እናቴ ለሊቀ መንበሩ እናት ልቅሶ ሄደች

ሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 1970

የሊቀ መንበሩ እናት ሞተች። ደስ አለኝ።

ለማንም የማልለውን እዚህ ልጻፈው። የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታምራት ዛሬ የሚቀብረው አስከሬን አለው። እኛ አልነበረንም። ጥር ላይ የእሱ ጥበቃዎች ወንድሜን ዳንኤልን ከአልጋው አንስተው ወስደው ሲገድሉት ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም። እማዬ ኡኡ ስትል ታምራት ራሱ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። «ለፀረ ሕዝብ አይለቀስም! አንቺ ሴትዮ፣ ድምፅሽን ዋጪ!» ጥበቃ አቆመብን። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያለቀሰችው።

ከዚያ ወዲህ ለቁልቢው ገብርኤል ተስያለሁ። ይህን ሰው ከምድር ካነሳልኝ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ። ዛሬ ስለቴ መንገድ ስቶ ይሆን እንዴ አልኩ። እናቱ እትዬ በላይነሽ ክፉ ሴት አልነበረችም። ከእማዬ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጡ ነበር። ትንሽ ከበደኝ። ትንሽ ብቻ።

እማዬ ከሳጥን ጥቁር ቀሚሷን አወጣች። ለልጇ እንዳትለብሰው የተከለከለችውን።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቀብር ነዋ።»

«ፈርተሽ ነው» አልኳት። ቀሚሱን ለብሳ ወጣች።

ማክሰኞ

ትናንት ቀብሩ ላይ ያልነበርኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቀበሌው በሙሉ ወጥቷል አሉ። ሌላ ጊዜ በሹክሹክታ የሚረግሙት ሁሉ ደረት ሲመቱ ውለዋል፤ የአብዮት ጥበቃዎቹ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ እያዩ። ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ከመጋላ ገበያ ስትመለስ ጎራ ብላ ነገረችኝ። «አቦ፣ እኔ ወላሂ ያለቀስኩት ለራሴ ነው» አለች።

ፋብሪካ ሥራ ስገባ አንዷ ባልደረባዬ በጆሮዬ፣ «መቅረትሽ ታውቋል፣ ሠልስቱ ላይ እንዳትቀሪ» አለችኝ። ይታወቅ።

ማታ ከእማዬ ጋር ተጣላን። ምን ዓይነት እናት ነሽ አልኳት። ማለት አልነበረብኝም። ሙቀቱም አላስችል ብሎኝ ነበር። ደጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ራሷን እያራገበች ቆየችና፣ «ዳንኤልን ላስበው ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ታምራት ነው፤ ልጄን ሁለት ጊዜ ሊወስድብኝ ነው እንዴ? ጥላቻውን የተውኩት ለዚህ ነው» አለች። ክርስቶስ ጠላታችሁን ውደዱ ብሎ ያዘዘውም ቢሆን ለሞኝ አይደለም አለች።

እኔ ግን እንዲህ ያለ ክርስትና አልችልበትም። ታምራት በሞተ ማግስት እሞክረዋለሁ።

ረቡዕ

ሠልስቱ ላይ ሄድኩ። ለእሱ አይደለም፤ እማዬ ትናንት ማታ አዙሯት ስለነበር ክንዷን ልይዝ።

ድንኳኑ ውስጥ ታምራት ጢሙን ሳይላጭ ተቀምጧል። ዓይኑ ደረቅ ነው። በግራና በቀኙ ከላይ የመጡ ካድሬዎች አሉ። አብዮታዊ ሰው አያለቅስም ብለውታል እየተባለ ይንሾካሾካል። ሰዉ ተራ በተራ እግዚአብሔር ያጽናህ እያለ ያልፋል። ተራው እማዬ ዘንድ ሲደርስ ፊቱ ቆመች። እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ያንን ትከሻ ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

«ታምራት ልጄ፣ እኔን ለልጄ እንዳላለቅስ ከለከልከኝ። አንተ ግን ለእናትህ አልቅስ። ማንም አይከልክልህ።»

እትዬ ፋጡማ «ያ አላህ» ብላ ክንዴን ጨመደደችው። መጀመሪያ፣ እሰይ፣ በሰው ፊት አዋረደችው ብዬ ነበር። ቀና ብዬ የእማዬን ፊት ሳይ ግን እንባዋ ይወርዳል። ለማዋረድ አልነበረም። የምሯን ነው።

ታምራት በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። አንደኛው ካድሬ ተነስቶ ወጣ።

ሐሙስ

ጠዋት ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ መጣ። «ወይዘሮ አስካለ ቀበሌ ይፈለጋሉ።» እማዬ ነጠላዋን ለበሰች፣ የሳጥኑን ቁልፍ ሰጠችኝ፣ ክርስትና ልጇን እንዳልረሳ አደራ አለችኝ። እየተሰናበተችኝ እንደሆነ ገባኝ።

ከሥራ ቀረሁ። ቀበሌው በር ላይ፣ ጥላ በሌለበት፣ ቆሜ ዋልኩ። ገብርኤል፣ እሷን ብቻ መልስልኝ፣ አንድ አይደለም፣ ሁለት ጃንጥላ አልኩ። ከዚህ የከፋም ብያለሁ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ በእግሯ ወጣች። ሮጬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ፤ እሷ ነች የደገፈችኝ።

ቤት ገብተን ነገረችኝ። «እትዬ አስካለ፣ ይቀመጡ» አላት ታምራት። አንቱ ብሏት አያውቅም። ካድሬዎቹ ያቺ ሴት ማን ናት ብለው ሲያፋጥጡት፣ ሐዘን ያሳበዳት አሮጊት ናት፣ ተዉአት ብሏቸዋል። ለዳንኤል ድንኳን እንዳይተከል፤ ጎረቤት ቤቷ ገብቶ ቢያስተዛዝናት ግን ጥበቃ እንደማይልክ ነግሯታል። እሷም ዳንኤልን የት ነው የቀበራችሁት ብላ ጠየቀችው። ወለሉን እያየ «አላውቅም» አለ።

እማዬ አመነችው። እኔ አላመንኩትም። ስንቱን አስወስዶ አንድ ቀን ሴትዮ ስላላሰረ ሰው ሊባል ነው?

ዓርብ

መጡ። መጀመሪያ እትዬ ፋጡማ ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ከዚያ የማኅበሩ ሴቶች፣ ከዚያ የዳንኤል የሥራ ባልደረቦች፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። ቤቱ ጠበበ። እማዬ «ዳንዬ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ እንዲህ ትልቅ መሆኑን ረስቼው ነበር። እኔም ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ። ጥበቃ አልመጣም። እስካሁን አልመጣም ልበል። የነገን ማን ያውቃል።

ሰዉ ሲበተን እማዬ ለጸሎት ቆመች። የዳንኤልን ነፍስ ማር አለች። አሜን አልኩ። የእትዬ በላይነሽን ነፍስ ማር አለች። እሱንም አሜን አልኩ። ከዚያ «ታምራትንም ልብ ስጠው» አለችና ዞር ብላ አየችኝ።

ዝም አልኩ።

አልተቆጣችኝም። ትንሽ ጠብቃ ራሷ አሜን አለች። ለእሱ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኋትም።