የሁሉም ማኪና

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የአይከልና የፀዳ ሴቶች ማኅበራት አብረው የገዟትን የማር መጫኛ ማኪና ዛሬ ታጣቂዎች አቃጠሏት። ማንም እንዳይነካት ብለን የማኅበራቱን ስም ሁሉ በሯ ላይ በትልቁ አስጽፈን ነበር። መንገድ ዘግተው አስቆሙን፤ አንዱ ስሞቹን አነበበና ሾፌራችንን አያ ደሴን «ከነዚህ የማን ነህ?» አላቸው። የማኅበራቱ ኅብረት ጸሐፊ ነኝና እኔም ጎናቸው ነበርኩ።

«የሁሉም» አሉ።

አፋቸውን በሰደፍ መታቸው። ደግሞ ጠየቃቸው።

«የሁሉም።»

ጥርሳቸውን አረገፈው።

ሆስፒታል አጠገባቸው ቁጭ እንዳልኩ የአይከሏ ሊቀመንበር ደወለችልኝ። «ከኅብረቱ ስማችንን ሰርዙልን፤ እኛም ልጆች አሉን» አለች። የፀዳዋም ያንኑ ደገመችልኝ። ስልኩን ግድግዳው ላይ ባደቅቀው ደስ ባለኝ።

አያ ደሴ «ምን አሉ?» አሉኝ።

«ሁሉም አይዞዎት ብለዋል።»

በዚያ በተሰበረ አፋቸው ፈገግ አሉ። ሰው መግደል ያማረኝ ያኔ ነው።