ጠፋልኝ ብዬ መሰከርኩ

እሁድ

ፉጨቱ ዛሬም ከየት እንደሚመጣ አልተገኘም። ስብከቱ ሲጀመር ቀጭን ሲው የሚል ድምፅ ከስፒከሩ ይወጣል። ማይኩን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ በድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ቀነስኩ። አሁንም አለ። አሥራ ስድስት ዓመት የቤተ ክርስቲያናችንን ድምፅ ስቆጣጠር እንዲህ ያለ እልኸኛ ፉጨት አላጋጠመኝም።

ከአምልኮ በኋላ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ ጋሽ ሌዳሞ፣ ወደ እኔ መጡ። "ተስፋዬ፣ ፓስተሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው እንዴ የሚሰብከው? አንዲት ቃል አልሰማሁም።" አንድ ጆሯቸው ደከም ያለ ስለሆነ ናቅ አድርጌ አለፍኩት።

ቤት ስገባ መብራት ጠፍቷል። ቴሌቪዥን የለ፣ ፍሪጅ የለ፣ የጎረቤት ሙዚቃ የለ። ፉጨቱ ግን አለ። ለካ ስፒከሩ አልነበረም።

ሰኞ

ባለቤቴ ብርቱካን ሳቀች። "ሰው እያማህ ነው።" ይኼ ሐሜተኛ ትንፋሽ እንኳን አይወስድም እንዴ?

የሞከርኩት፦ ለብ ያለ ዘይት። አፍንጫ ይዞ መንፋት። ጥጥ መወተፍ (ባሰበት)። መሳደብ።

የምተዳደረው ለሠርግ ስፒከር በማከራየት ነው። ጆሮዬ ከሄደ ምን ይቀረኛል?

ረቡዕ

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን ታጋሽ። ቀጫጭን ድምፅ የሚሰማው የጆሮዬ ክፍል ተጎድቷል አለች። ለዓመታት ስፒከር ሥር መቀመጥ ያመጣው ነው።

"ታዲያ የማይሰማ ጆሮ እንዴት ይጮኻል?" አልኳት።

"የሚጮኸው ጆሮዎ አይደለም፣ አንጎልዎ ነው። ከጆሮ የሚመጣለት ሲቀንስበት የጎደለውን ለመስማት ራሱን ከፍ ያደርጋል።"

ይኼ ገባኝ። ምንም ያልተሰካበት የሚክሰር መስመር ላይ ድምፁን ከፍተህ ብትተወው ይጮኻል። ልዩነቱ የእኔን ሚክሰር መዝጋት መቻሌ ነው።

በፈራሁትና ባዳመጥኩት ቁጥር አንጎሌ ቁም ነገር እየመሰለው አጥብቆ ይይዘዋል። ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ቀስ በቀስ ግን ይለመዳል አለች። ከስፒከር ራቅ ማለት፣ ጭር ባለ ቤት አለመቀመጥ። "ደግሞ ሌላ ድምፅ ከሸፈነው በኋላ ለትንሽ ጊዜ የጠፋ ሊመስልዎት ይችላል፣ እንዳይታለሉ።"

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና አዝኖ ሙዚቃውን አጠፋልኝ። የባሰ ነገር አደረገ።

ዓርብ

የፈውስ ጸሎት ነበር። ወደ ፊት ወጣሁ፣ እጃቸውን ጫኑብኝ። መዘምራኑ፣ ኪቦርዱ፣ ድራሙ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጮህ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ፉጨቱ የለም! ማይክ ሰጡኝ። "ጠፋልኝ! ጌታ አጠፋልኝ!" አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

በሩ ጋ ስደርስ ተመልሷል።

ሐኪሟ የነገረችኝን ረስቼው ነው። ውሸቴን ነው። አልረሳሁም፣ መርሳት ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ

ጋሽ ሌዳሞ ደወሉ። ደስታቸው ሌላ ነው። የእሳቸውም ግራ ጆሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጮህ ኖሯል፣ አላውቅም ነበር። ሲሄዱም ያንገዳግዳቸዋል። በአንድ ጆሮ ብቻ ስለሆነ ሐኪሞቹ ወደ አንጎል በሚሄደው ነርቭ ላይ ዕጢ እንዳይኖር ጠርጥረው፣ ለማክሰኞ የኤምአርአይ ቀጠሮ ሰጥተዋቸዋል።

"ትቼዋለሁ። አንተ ስትመሰክር የእኔም ጠፋ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ። አሜን! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ለብርቱካን ነገርኳት። አልሳቀችም። "ሂድና እውነቱን ንገራቸው" አለች።

"ሰው ምን ይለኛል?"

"እሳቸው ቢሞቱስ ለራስህ ምን ትላለህ?"

እሁድ እንደገና

ሰው ሁሉ ያቅፈኛል። ጋሽ ሌዳሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይዘምራሉ። አልነገርኳቸውም። ፈሪ ነኝ።

ሰኞ

መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ሳልቀመጥ ተናገርኩት። "ጋሼ፣ አልጠፋልኝም። አሁንም ይጮኻል። እባክዎ ቀጠሮዎን አይተዉት።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አቀረቀሩ።

"የእኔም አልጠፋም" አሉ። "ለአንዲት ደቂቃም አልጠፋም። አንተ ድነህ እኔ ብቀር እምነቴ ያነሰ መስሎኝ አፈርኩ። ለልጆቼ ሳይቀር ጠፋልኝ ብዬ ነገርኩ።"

ጉልበታቸውን ያዝኩ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። እሳቸው ደግሞ እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። ይኼ ከስድብ በላይ አመመኝ።

ማክሰኞ

አብሬያቸው ሄድኩ። መሣሪያው ውስጥ ሲገቡ ጫማቸውን እኔ ያዝኩ። ሲወጡ ተንገዳግደው ክንዴ ላይ ወደቁ። ምስሉን ያነሳው ባለሙያ ከእኛ ጋር ማውራት አልፈለገም፤ ውጤቱን ሐኪሙ ሐሙስ ይነግራችኋል ብሎ ፊቱን አዞረ። እንዲህ የሚያደርገው ለሁሉም ሰው ይሁን ለእሳቸው ብቻ አላውቅም።

"ሐሙስም ትመጣለህ?" አሉኝ። እመጣለሁ አልኩ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለ ጆሮዬ አንዴም አላሰብኩም። ምነው በሌላ ምክንያት በሆነ።